ሸዋረግ እግሯን ያገኘችበት ክረምት

ሸዋረግ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቀኝ እጇ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፤ ግራ እጇ ፍሬውን ሰፌዱ ላይ አደርሳለሁ ሲል መሬት ላይ ይበትነዋል። ልትለቅም ስታጎነብስ ወገቧ ይዟት ይቀራል። እኔ አያቷ እጄን ስሰድ ግን ትቆጣለች።

"ይተዉ እምዬ፣ እኔው እለቅመዋለሁ።"

ከዓረብ አገር የመጣች ሰሞን ነው። ትሠራበት በነበረው ቤት ምንጣፍ ተሸክማ ስትወርድ ከደረጃ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ፤ ጭንቅላቷንም ስለመታት ግራ ጎኗ ዛለ። አጥንቱስ ገጠመ። አካሄዷ ግን አልተመለሰም፤ ግራ እግሯን እንደ ሰው ዕቃ ትጎትተዋለች። ጠበል ወሰድናት፤ ወጌሻ አሸናት። ደሴ ያለው ሐኪምም "እየመጣች እንቅስቃሴ ትለማመድ" አለ። ከመካነ ሰላም ደሴ መመላለስ ለማን ይቻላል?

ወንድሜ መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ዕድሜውን ሙሉ አቋቋም፣ በመቋሚያ እየተወዛወዙ ማዜምን፣ ሲያስተምር የኖረ ነው። አንድ ቀን ግቢውን ስታቋርጥ ቆሞ አያት።

"ትቸኩላለች" አለኝ። "አንዱ እግር ሳይደርስ ሌላውን ትጠራዋለች። ተማሪ ዝማሜ የሚጀምረው ከመቆም ነው፤ እሷም ከዚያው ትጀምር።"

መቋሚያውን አልሰጣትም፤ ተራ የወይራ ዱላ ቆርጦ አመጣላት።

"ክብደትሽን ወደ ግራ ስጪ። አሁን ቆዪ። መሬቱ የቱ ጋ ነው የነካሽ? ተረከዝሽን ነው ጣትሽን?"

"አላውቅም የኔታ።"

"እስክታውቂ አትንቀሳቀሺ። ትንፋሽሽንም አትያዢው።"

ጎረቤታችን በዛች ከአጥር ማዶ ሰምታ፣ "ሸዋዬ፣ ደብተራ ልትሆኚ ነው? ጥምጥሙን መቼ እንጠምጥምልሽ?" አለቻት።

"ጸናጽሉን አንቺ ከያዝሽልኝ ነገውኑ!"

ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ ሰማኋት።

ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ሲያባራ ደጅ፣ ሲመጣ ከጣራ ሥር ትቆማለች፤ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ወደ ግራ ትመለሳለች፤ እንደ ጤፍ ማሳ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። አንድ ቀን ድንገት ቆመችና፣ "እምዬ፣ ለካ እግሬን ባነሣሁ ቁጥር ትከሻዬን ነው የማነሣው! ትከሻዬን እግር አድርጌው ኖሯል" አለች። ከዚያ ወዲህ ትከሻዋ ወረደ። እጇም እየላላ መጣ፤ ባቄላው ሰፌዱ ላይ ማረፍ ጀመረ። እኔንም በዚያው ትዕግሥት ፊደል አስቆጠረችኝ። "እርሳሱን አይነቁት እምዬ፣ አይሸሽም" ትለኝ ነበር።

የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ከደጃችን ያለችውን መደብ ቆፍራ ነጭ ሽንኩርት ተክላ እዚሁ መኖር።

በጥቅምት የጽዋ ማኅበሩ ተራ ደረሰን። ሸዋረግ የሞላ የጠላ ማሰሮ አቅፋ፣ እጇን ሳታስደግፍ ከመሬት ተነሣች። በእንግዳው መካከል አለፈች፤ ጠብታ አልፈሰሰም። ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ወንድሟ ደሳለውም ከሁሉ በላይ አጨበጨበ። እዚሁ መካነ ሰላም የጀመረው ቤት እሷ በላከችው ገንዘብ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ወለሉ ቀርቶታል።

እንግዳው ሲወጣ፣ "እንግዲህ ፓስፖርቱን እናሳድስ" አላት።

"እኔ የዳንሁት ለመሄድ አይደለም ደሳለው።"

"ታዲያ ለምን ዳንሽ?"

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። "የአባትሽ ልጅ ነው፤ ቤቱ ከተጀመረ ሜዳ ላይ ይቅር?" አሏት። መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ "አካሏ ገና ነው" ቢል፣ "እርስዎ ራስዎ አድነዋት!" ብለው ሳቁበት። እሷም እንደ ታመመ ሰው ሁሉ ሰውን አስቸግሬያለሁ ትል ነበርና አንገቷን ደፋች።

ለጉዞው ምርመራ ደሴ ስትሄድ አብሬያት ነበርሁ። በሩ ላይ ጆሮዋ ሥር፣ "ጥቂት አንክሺ ልጄ፤ ይመልሱሻል" አልኋት።

ቆም አለች። ተረከዟን መሬት ላይ ስታሳርፍ አየኋት።

"ይኼን እግር ስንት ለፍቼበት እምዬ። በውሸት መልሼ አላበላሸውም።"

ቀጥ ብላ ገባች። ምርመራውን አለፈች።

አሁን ከዓረብ አገር ስትደውል አስቀድሜ፣ "ቤቱ ደረጃ አለው?" እላታለሁ።

"አለው።"

"ቀስ ትያለሽ?"

"ቀስ የሚባል የለም እዚህ፤ ቶሎ ቶሎ ነው። ትከሻዬ ተመልሶ ወጥቷል እምዬ።"

የደሳለው ወለል ሲሚንቶ ለብሷል፤ መጥተው ይዩ ቢለኝ እግሬን አላነሣሁም። መደቧን ሣር ውጧታል። የወይራው ዱላ ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከቤታችሁ የወደቀች ልጅ ተነሥታ በፊታችሁ ስትራመድ ብታዩ፣ እልልታችሁን ጥቂት አቆዩት። አስቀድማችሁ "ልጄ፣ ወዴት መሄድ ትወጃለሽ?" ብላችሁ ጠይቋት፤ "የትም" ካለቻችሁም ተዉአት፣ ትቁም።