ለአያ ስንሻው የሰጠሁት ግጥም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ቤቴ ውስጥ መቆጣቴን ስዘረዝር ኖሬአለሁ። «ሌላስ የለህም ልጄ?» ይሉኛል ሁልጊዜ። «የለኝም አባቴ» እላለሁ። ዋሽቼ እነሣለሁ፤ ዋሽቼ መስቀል እሳለማለሁ። እናንተ ግን ፊቴን አታውቁትም፤ ለዚህም ይሆናል ምላሴ የተፈታው።

አያ ስንሻውን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ጊዜው ጣሊያን ወጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ በኋላ ነው። እኔ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ። ቅኔ ቤት ገብቼ ጥቂት ከተማርኩ በኋላ ትምህርቱን ትቼ ጎንደር ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆንኩ። ከተማችን ያኔ መዝናኛ አልጎደላትም። ጣሊያን ትቶት የሄደው ሲኒማ ቤት ነበረ፤ ፒያሳ ላይ ኮት ለብሶ ወዲያ ወዲህ ማለት ነበረ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ አራዳ ወርዶ እመት በላይነሽ ጠጅ ቤት መቀመጥ ነበረ። እኔ ሲኒማውን ብዙም አልወደውም ነበር። የምወደው አያ ስንሻውን ነው። አያ ስንሻው ማሲንቆ ይገርፋል፣ ሚስቱ ይታይሽ ትቀበለዋለች፤ ጠጪው ተነሥቶ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ እሱ በዜማ አሳምሮ ይመልሰዋል። አዝማሪ የተሰጠውን ይቀበላል፤ ሥራው ነው። ይህንን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ጥምቀት ሲቃረብ የአውራጃው ገዥ ለታላላቅ እንግዶች ግብር ሊያበሉ ድንኳን እንዲተከል አዘዙ። አዝማሪ የመምረጡ ነገር ለእኔ ተሰጠ። እኔም እሑድ እመት በላይነሽ ቤት ሄድኩና ለአያ ስንሻው ነገርኩት። ደስ አለው። «በየትኛው በር ነው የምንገባ?» አለኝ። «ፖሊሶቹን ጠይቃቸው፣ ያሳዩሃል» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ልብ አድርጉልኝ።

ያን ዕለት ጠጁ ሸጋ ነበር። ለዚያ ለድንኳኑ ድግስ ጠላ ተብሎ ከወገራ ገበሬ ገብስ በግድ ይጫን ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስ ያሉ ዘመዶቼም ያላቸውን ሰጥተው ባዶ አህያ እየነዱ መመለሳቸውን ሰምቼ ሆዴ ቆስሏል። ጠጅ እና ብሶት ሲገናኙ ሰው ጀግና የሆነ ይመስለዋል። ብድግ አልኩ። «ተቀበል!» አልኩ።

«የወገራው ዘመድ ገብሱን ጭኖ መጥቶ፣
ባዶ እጁን ተመልሷል ገዥው ክፉ ወጥቶ።»

አያ ስንሻው ቀና ብሎ አየኝ። አንድ አፍታ ያመነታ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለው። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ገዥ የተባለው ገበያ ላይ ገብስ የሚገዛው እንዳልሆነ ለማንም አልጠፋውም። እኔም ቅኔ የዘረፍኩ መሪጌታ ያህል ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ስቀመጥ ጥግ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው አየሁ። ረጅም ኮት ለብሷል። አልሣቀም። ብርሌውን በሁለት እጁ ይዞ አፍ አፋችንን ይመለከታል። ጥቂት ቆይቶ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

በማግሥቱ ስነሣ ያ ሰው ዓይኔ ላይ ነበር። ማነው? ምነው ሳይሥቅ ቀረ? ምነው ቶሎ ወጣ? ወደ ሥራ ስሄድ ሰላም የሚሉኝ ሰዎች ሁሉ ትንሽ ዝግ ብለው የሚያዩኝ መሰለኝ። የቢሮው ዘበኛ ሌላ ጊዜ ብድግ ብሎ ነበር እጅ የሚነሣኝ፤ ያን ቀን እንደተቀመጠ ቀረ። እግሩ ቆስሎ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። አለቃዬ በበሩ ብቅ ብሎ «ከሰዓት በኋላ እፈልግሃለሁ» አለኝና ሄደ። የፈለገኝ ለድንኳን ካስማ ነበር። እኔ ግን ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ላብ አጠመቀኝ።

ለምሳ ስወጣ ፒያሳው ላይ አያ ስንሻውን አየሁት። ከአንድ ፖሊስ ጋር ቆሞ ይነጋገራል። ፖሊሱ ሣቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አያ ስንሻው ዞር ሲል አየኝና እጁን አነሣልኝ። ፊቴን አዞርኩ። ሸጠኝ፣ አልኩ በልቤ። ስለ በሩ እንዲጠይቅ ያዘዝኩት ራሴ መሆኔን እንዴት ረሳሁ? ረስቼው ነበር? ወይስ ላስታውሰው አልፈለግሁም? ዛሬም ይህን ራሴን ስጠይቅ መልሱ አይጥመኝም።

ምሳ አልበላሁም። በቀጥታ ገዥው ግቢ ሄጄ ዋና ጸሐፊው ፊት እጅ ነሣሁ።

«ጌታዬ፣ ለግብሩ የመረጥኩት አዝማሪ የማይሆን ሰው ኖሯል» አልኩ።

«ምን አደረገ?»

ግጥሙን አልኩላቸው። አልኩላቸው ብቻ አይደለም፤ ሰሙን ከወርቁ ለይቼ ተረጎምኩላቸው። በቅኔ ቤት የተማርኳትን ትንሽ ነገር ለዚህ አዋልኳት።

ጸሐፊው ወረቀት ሳብ አደረጉና፣ «ማን ሰጠው?» አሉኝ።

«ከራሱ ነው ያፈለቀው።»

ከራሱ ነው አልኩ። እኔ የሰጠሁትን ከራሱ ነው አልኩ። ቤት ሙሉ ሰው አይቶኝ፣ ሰምቶኝ ነበር፤ ማንኛቸውም ሊናገሩብኝ ይችሉ ነበር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሰው ምነው አዝማሪውን መረጥኩት? ስለ ጠረጠርኩት ብቻ ነው? አይደለም። አዝማሪ ነው፤ ከጸሐፊና ከአዝማሪ ማን ይታመናል ብዬ አስልቼ ነው።

የዚያኑ ቀን ያዙት። ማሲንቆውን በርግጫ ሰበሩት። እመት በላይነሽን ቢጠይቋት «እኔ ጓዳ ነበርኩ» አለች፤ ጠጪዎቹም ከቤቷ ቀሩ። እኔ ቢሮዬ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በሩን በሩን አያለሁ። ስሜ አልተጠራም። በኋላ አንድ ፖሊስ ለጉዳይ መጥቶ እየሣቀ ሲያወራ ሰማሁት፦ «ማን ሰጠህ ብለን ብንገርፈው፣ ብንገርፈው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዘፍን፣ ማንን አይቼ ብሎ ድርቅ አለ።»

ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልተነካም። ምን አስቦ ነው? አልኩ። ቆይቶ ሊያስከፍለኝ ይሆን?

በከተራ ዋዜማ ይታይሽ ቤቴ መጣች። ሚስቴ ውስጥ አራስ ነበረች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ጌታው፣ አንዲት ቃል ይናገሩለት። ጀርባው ቆስሏል አሉ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እርስዎማ ያውቃሉ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«አዝማሪ የሰጡትን እንደሚቀበል ያውቃሉ ማለቴ ነው። ለማንም ትንፍሽ አንልም። እሱማ ወደ እርስዎ እንዳልመጣ አስምሎኝ ነበር፤ መሐላዬን አፍርሼ ነው የመጣሁ። እዚህ ዘመድ የለኝም። ያን ቀን ሊጠይቀን መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው ወንድሜም ደንግጦ ከብቱን እንኳ ሳይሸጥ ወደ ጃናሞራ ተመለሰ።»

«ያ ረጅም ኮት የለበሰው… ወንድምሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው። ጆሮው ይከብደዋል። ሰዉ ምን ብሎ እንደሣቀ እንኳ የነገርኩት ማታ ነው።»

እንግዲህ አወቅሁ። የሰለለኝ አልነበረም፤ የሸጠኝም አልነበረም። ጠጅ ቤት የተባለውን ይዞ ገዥው ግቢ የሮጠ ጆሮ ጠቢ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህንን ያወቅሁት ሰውየው ገና እስር ቤት ሳለ ነው። ልመልሰው እችል ነበር። ዋና ጸሐፊው ዘንድ ሄጄ «ግጥሙ የእኔ ነው» ማለት፣ ያ ቢከብደኝ እንኳ «ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ሰው የሰጠው ነው» ማለት እችል ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፍርሃት አሳተኝ ማለት ይቻል ይሆናል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ያደረግሁትን ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።

«እሞክራለሁ» አልኳት። መርቃኝ ሄደች። አልሞከርኩም።

በማግሥቱ ታቦታቱ ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ አዲስ ጋቢ ለብሼ ከሹማምንቱ ኋላ ተሰለፍኩ። ካህናቱ አሸበሸቡ፤ ፈረሰኞቹ ሜዳውን አጨሱት። በበዓሉ ዕለት ጠበሉ ሲረጭ ሰዉ እየተጋፋ ፊቱን ሰጠ። እኔም ሰጠሁ። በድንኳኑ ውስጥ ሌላ አዝማሪ ገባ፤ እኔው ነበርኩ ተቻኩዬ ያገኘሁት። ገዥውን በፈረሳቸው፣ በጋሻቸው ሲያወድስ ዋለ። አለቃዬ «ሸጋ መረጥክ» አለኝ። በላሁ፣ ጠጣሁ።

አያ ስንሻው የተፈታው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከተማ ውስጥ እንዳይጫወት ተከልክሎ ከይታይሽ ጋር ወደ ወንድሟ አገር ሄደ። እኔ ከጸሐፊነት ወደ ክፍል ኃላፊነት አደግሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለመንግሥት ሥራ በበቅሎ የጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ደረስኩ። ገበያ ላይ አንድ ሸበቶ ሰው በግ እየጎተተ ሲያልፍ አስቆመኝና ስሜን ጠራ። እሱ ነበር። «እንግዳዬ ነህ፣ ሌላ ቤት አታድርም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ለእንግዳ የሚያርደው ትርፍ በግ ያለው ሰው አልነበረም፤ ያን የሚጎትተውን በግ አረደልኝ። ይታይሽ እግሬን አጠበችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። ግድግዳው ላይ ማሲንቆ አልነበረም።

ስንበላ ስለ ከተማው ጠየቀኝ፤ ሲኒማ ቤቱ አለ ወይ፣ እመት በላይነሽስ በሕይወት አለች ወይ አለኝ። እኔ ግን ከቁራሽ ቁራሽ ፊቱን ስሰልል ነበር። ያውቃል? አያውቅም? ምነው እንዲህ ያከብረኛል?

በመጨረሻ አልቻልኩም። «አያ ስንሻው፣ ያኔ ስሜን ምነው አልጠራህ?» አልኩት።

«ምን ይረባኛል? እኔ አንድ ጊዜ ተይዣለሁ። አንተ ደግሞ ሚስትህ ልትወልድ ደርሳ ነበር» አለ። ከዚያ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ለመሆኑ፣ ማን እንደ ነገረ ደረስክበት?» አለኝ።

ይታይሽ እጇ ማሰሮው ላይ ቆመ።

«አልደረስኩበትም» አልኩ።

«ይሁን» አለ። «ብላ እንጂ።»

ሲነጋ ዳገቱ ድረስ ሸኘኝ። የበቅሎዬን ልጓም ራሱ ያዘልኝ፤ ጉልበቴን ሳመኝ። ያን ካደረገ በኋላም ጠረጠርኩት።

ሞቱን የሰማሁት ከርሞ ነው። ይታይሽ ግን ዛሬም በሕይወት አለች። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ከጎንደር የሚነሣው አውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ይሄዳል፣ የቀረውን በበቅሎ ነው። ለነፍስ አባቴ ያልተናገርኩትም ለዚሁ ነው። «አስቀድመህ ወደ እሷ ሂድ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ሰበብ ያሳጡኛል።

ጠጅ ነው ያሳሳተኝ አልልም። ዘመኑ ነው አልልም። ፍርሃት ነው ማለቱንም ትቼዋለሁ፤ አያ ስንሻውም ፈርቶ ነበር። አንብባችሁ ስታበቁ ልባችሁ ቢራራልኝ እንኳ ይቅር አትበሉኝ። የተበደለችው ይታይሽ ናት፤ እሷን ገና አልጠየቅኋትም።