ጋሽ ሸምሱ ግማሹን ያዩት የጃፓን ፊልም

ይህ የሆነው ባምናው ረመዳን ማግስት ነው። ጋሽ ሸምሱን ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ጀፕስታውን በሚባለው የንግድ ሰፈር ውስጥ ከአባቴ የጅምላ ሱቅ አጠገብ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ሰው በተጣላ ቁጥር ሽማግሌ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የሚያዳምጡት ግን የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሱቅ ተቀምጬ በላፕቶፔ የጃፓን አኒሜሽን ሳይ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ታሪኩ የአንድ አንጥረኛ ልጅ ነው። አባቷ ለሀብታም ሊድራት ቃል ሲገባ ግንባሯን መሬት አስነክታ እጅ ትነሳዋለች።

"ማሻአላህ! አየሽ የሰው ልጅ?" አሉኝ። ወዲያው ደንበኛ መጣባቸውና ሄዱ።

በሳምንቱ እቤታችን መጡ። ቶኮዛ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ ላለው የእህታቸው ልጅ እኔን ሊጠይቁ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰውየውን ያየሁት አንዴ ሰርግ ላይ ነው።

አባዬ "ትምህርቷስ?" ቢላቸው፣ "ጃፓኖች እንኳ የአባት ቃል አይሽሩም! የሰለጠኑት በዚያ ነው። ራሷ ስታይ ነበር፣ ጠይቃት" አሉት።

አባዬ ዞሮ አየኝ። ላፕቶፑን አመጣሁና ጥለውት ከሄዱበት ቀጠልኩት። ልጅቷ ቀና ብላ የምትለውን በአማርኛ ነገርኳቸው፦ "አባቴ፣ ተሳስተሃል። ዝም ብልህ ነው የናቅኩህ ማለት።" አባትየው ቃሉን አነሳ።

"ይሄ ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱት የኮንፊሺየስ ትምህርት ነው" አልኩ። "ልጅ አባቱን ያከብራል፤ ሲሳሳት ደግሞ በትሕትና ይነግረዋል። ክፍል ተምረነዋል።"

"እሱን ፈረንጅ ቀጥሎበት ነው!" አሉ ጋሽ ሸምሱ። "ደሞ ኮንፊሺየስ ማነው? ሙስሊም ነው?" ቀጠሉና፣ "ለነገሩ ካርቱን የሕፃን ነው። ትልቅ ሰው ካርቱን ያያል?"

ካርቱኑን ምስክር አድርገው የጠሩት እኮ እሳቸው ናቸው!

አባዬ "አንቺ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"አልፈልግም፣ አባዬ።"

"ሰምተዋል፣ ጋሽ ሸምሱ" አለና ጫማቸውን እንዲያደርጉ በሩን ከፈተላቸው።

ዛሬም ሱቃችን ሲገቡ ተነስቼ ሰላም እላቸዋለሁ። አባዬ እንዲያ ስላሳደገኝ ነው። የሰው አገር ወግ ገንጥለው አምጥተው ዕድሜዬን ሊያስሩበት ለነበሩት ሰውዬ ግን ቅንጣት ክብር የለኝም፤ ይህን በማለቴም አላፍርም።