ስንቁ በጭስ ይሁን በጥማድ፦ ከሉማሜ በላይ እስከ ዓባይ አፋፍ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከሉማሜ በላይ ካለው መንደራችን የወጣነው ውርጩ ሳይነሣ ነው። እኔ የደብሩ የቅኔ መምህር ነኝ። አብረውኝ የሚሄዱት ወይዘሮ አንጓች ናቸው፤ ጣልያን በገባ በዓመቱ ባላቸው በውጊያ ሞተውባቸዋል። የያዝነው በሶ፣ የሽምብራ ቆሎና አንድ ቅል ውኃ ነው። ለሚጠይቀን ሁሉ ወደ ተዝካር እንሄዳለን ልንል ተስማምተናል። ውሸት ስለሆነ መናገሩን ለእሳቸው ትቼላቸዋለሁ።

የምንሄደው ከይጁቤ በታች፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ አርበኞች ወደ ጠሩት ሸንጎ ነው። ነገሩ የስንቅ ነገር ነው። አርበኛው እህል የሚቀበለው በየጭሱ፣ ማለት ከየቤቱ እኩል ነው። በረት ሙሉ ከብት ያለውም፣ አንድ በሬ የሌለውም የሚሰፍረው ያው አንድ ቁና ነው። ጎረቤታችን አንሙት በሬ የለውም። ባለፈው ክረምት ቁናውን ሰፍሮ ሰጠ፤ ልጆቹ የሚበሉት ሲያጡ ለጣልያን መንገድ ድንጋይ ሊፈልጥ ሄደ። መንደሩ ባንዳ ብሎ ጠራው። ቤቱን እናቃጥል ያሉ ነበሩ፤ ሽማግሌዎች ሸንጎው ያለውን እስክንሰማ ቆዩ አሏቸው።

እኔን የላኩኝ ባላምባራስ ናቸው፤ የመንደሩ ባለጠጋ እሳቸው ናቸው። በየጭሱ የሚለው ሥርዓት እንዳይነካ ተከራከሩ ብለውኛል። ማሳመሪያ የሚሆን ቅኔም አዘውኝ ነበር፤ ቅኔው አልመጣልኝም። ወይዘሮ አንጓችን የላካቸው የለም። መንገዱን አውቀዋለሁ ብለው ተከተሉኝ።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፈው የጣልያን መንገድ ላይ ደረስን። ጥርብ ድንጋይ የለበሰ፣ ሰፊ መንገድ ነው። ገበሬው ግን አሁንም በዳር በዳሩ፣ በጭቃው ይሄዳል። ልንሻገር ስንል አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ወታደር፣ ጠመንጃውን አግድሞ አስቆመን። የት ነው የምትሄዱት አለ። ወይዘሮ አንጓች ለተዝካር ነው አሉ። የማን ተዝካር ቢላቸው የባሌ አሉት።

«መቼ ነው የሞቱት?»

«እናንተ ስትመጡ።»

አስካሪው አንድ ጊዜ አያቸውና ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ጠመንጃውን አነሣልን።

አንሙትን ከመንገዱ ማዶ አገኘነው። እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ድንጋይ ይፈልጣል። ሲያየን አልሸሸም፤ ተነሥቶ እጅ ነሣን። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጆቹ አይደለም።

«ቤቴ አለ፣ የኔታ?»

«አለ።»

«እስከ መቼ?»

እኛ ከሸንጎው እስክንመለስ አልሁት። ያወጣ ያወርድ ጀመር። ጣልያኖቹ ልጆቹ የሚበሉትን ዱቄት እንደሚሰጡት፣ ዱቄቱ ነቀዝ እንዳለው፣ ግን እንደሚሰጡት ነገረኝ። ከዚያ የጣልያን ቃኚዎች ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ ማለፋቸውንና ቁልቁለቱ ነጻ መሆኑን ጠቆመንና ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ረቡዕ፣ ሸንጎው

ይጁቤን በስተቀኝ ትተን ወረድን። ቆላው ይሞቃል፤ የዓባይ ገደል ከታች ተከፍቶ ይታያል። ሸንጎው አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተቀምጧል። ረቡዕ ጾም ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የሚቀምስ የለም። ስለ እህል ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም።

የጦሩ አለቃ አንድ ፊታውራሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ሠራዊቱ ተርቧል፣ ከዚህ ሳንስማማ ከተበተንን ሰዉ ለጣልያን ይገባል አሉና ቦታውን ለተናጋሪ ለቀቁ።

እኔም የተላክሁበትን ተናገርሁ። በየጭሱ የአባቶች ሥርዓት ነው፣ ለማንም አያደላም አልሁ። የአንሙት እጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል፤ ቢሆንም ንግግሬን ጨረስሁት። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ።

ከዚያ ወይዘሮ አንጓች ተነሡ። አንድ ጢማም ሽማግሌ ሴት በሸንጎ መናገር ከመቼ ወዲህ ነው አሉ።

«እህሌን ስትቀበሉኝ ሴት መሆኔን ያነሣ አልነበረም» አሉ ወይዘሮ አንጓች። ሽማግሌው ተቀመጡ። ወይዘሮዋ ቀጠሉ፦ «እህል የሚወጣው ከበሬ ነው፤ ከጭስ አይደለም። በሬ ያለው በጥማዱ ልክ፣ በየጥማዱ አንድ ቁና ይስጥ። የሌለው ይቅርለት። ጎረቤቴን ጣልያን በዱቄት ገዛው ይላሉ። በዱቄት እንዲገዛ ያደረግነው ግን እኛ ነን።»

ፊታውራሪው አልወደዱትም። ምክንያታቸውን አልደበቁም፤ ጭስ ከሩቅ ይታያል፣ በሬ ግን ይደበቃል አሉ። ክርክሩ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሄደ። በመጨረሻ በጥማድ የሚል ከሾላው ቀኝ፣ በየጭሱ የሚል ከሾላው ግራ ይቁም ተባለ። ፊታውራሪው ተነሥተው በግራ ቆሙ። እኔም የተላክሁት በግራ እንድቆም ነው። ነገር ግን ባላምባራስ ሩቅ ነበሩ፤ በቀኝ ቆምሁ።

ቀኙ በዛ። ፊታውራሪው ሰዉን በዓይናቸው ቃኙት። መሣሪያ የታጠቀው ሁሉ የሚታዘዘው ለእሳቸው ነው፤ ምን እንደሚሉ ሁላችንም እንጠብቃለን።

«ተረትቻለሁ» አሉ። «በሬ የሚደብቅ ግን ወዮለት።»

ከዚያ ጾም ተፈታ።

ኀሙስ፣ አቀበቱ ላይ

ስንመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወይዘሮ አንጓች ሁለት ጥማድ በሬ አላቸው፤ የሚሰፍሩት እህል እጥፍ ሊሆን ነው። ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የማስጠምዳቸው እኔ ነኝ፣ የኔታ። እንዴት አላውቅ?»

ታዲያ ለምን አልኋቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«የራሴን ጥማድ አስቤ ዝም ብል፣ ጣልያንን በምን እበልጠዋለሁ?» አሉና ተነሡ። የቀረውን አቀበት ከእኔ ፈጥነው ወጡት።

ዓርብ፣ መንደር

ባላምባራስ ደጃፋቸው ላይ ጠበቁኝ። በጥማድ ሆነ አልኋቸው። ነገሩን ማን እንዳነሣው ጠየቁ፤ ነገርኋቸው። እሷም እኮ በሬ አላት አሉ። አላቸው አልሁ። ከዚያ ጎተራው እንዲከፈት አዘዙና ለእኔ ደህና ይዋሉ ሳይሉኝ ገቡ። ቤት ስለ ማቃጠል ያነሣ ሰው ግን አልነበረም።

ወደ አንሙት ቤት ሄድን። ሚስቱ ሙሉ ትባላለች፤ የዘንድሮውን ቁና ገብስ ሰፍራ በሩ ላይ አስቀምጣ ነበር። ወይዘሮ አንጓች መልሺው አሏት። አላመነችም። ማን ፈረደልኝ አለች።

«ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሰዎች» አሉ ወይዘሮ አንጓች። «ብዙዎቹ አያውቁሽም።»

ገብሱን ወደ ጎታው ገልብጣ ተመለሰች። ባሏን ከመንገድ ሥራው ማን ይጥራልኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ጠየቀችኝ።

«በሬ የሌለውስ ሸንጎ ላይ ይናገራል፣ የኔታ?»

ይህን ሳንወስን እንደ ተበተንን ነገርኋት።

«ሸንጎው ተመልሶ የሚቀመጠው መቼ ነው?» አለች።