ባክቴሪያው ጾም ያስፈታል ወይ?

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባክቴሪያ የሚባለውን ነገር በሳሙና አባርሬ እንጂ በገንዘቤ ገዝቼ አላውቅም።

ጎህ ሲቀድ፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ

አክስቴ እትዬ ዘነበች፣ የምንገዛው የተክል መድኃኒት ሙቀት አይችልም ስለተባሉ፣ በረዶ የሞላባት የምሳ ቦርሳ ይዘው በር ላይ ይጠብቁኛል። ለፍልሰታ ጾም ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው የቲማቲም ፍትፍት የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ግን በተከራዩት መደብ ላይ የተከሉት ቲማቲም ፍሬ ሊይዝ ሲል ጠውልጎ ደረቀባቸው።

«ዘንድሮም ከደረቀ መደቡን እመልሳለሁ፤ በቃኝ» ብለዋል።

መኪናዬ ጋራዥ ስለገባች 15 ቁጥር አውቶብስ ይዘን በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ወደ ዴንቨር።

ረፋድ፣ ዴንቨር

የአትክልት ዕቃ ሱቅ። ሻጩ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ ነው። አንዲት ትንሽ የዱቄት ፓኬት አወጣ። እሱ ይናገራል፣ እኔ አስተረጉማለሁ፦

«የሚያጠወልገው ፈንገስ አፈሩ ውስጥ ነው ያለው። እነዚህ ጥሩ ባክቴሪያዎች ቀድመው ሥሩን ይከቡና ቦታ ይነሱታል። የታመመ አያድኑም፤ ሲተከል ነው የሚጨመሩት። ሙቀት፣ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃም ይገድላቸዋል።»

እትዬ ደነገጡ። «ነፍስ አላቸው?»

«አላቸው» አልኩ።

«ክሎሪን የሌለው ከሆነ ቤት ጠበል አለኝ» አሉና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። «ውይ! በጠበልማ ለቀው ይሄዳሉ!»

የታሸገ የምንጭ ውሃ ገዛን።

ቀትር፣ 15 ቁጥር ላይ

ጎማ ቤት፣ ሞቴል፣ የእኛ ምግብ ቤቶች፣ ደግሞ ጎማ ቤት። ቦርሳዋ የእትዬ ጭን ላይ ናት፤ ፀሐይ እንዳይነካት በነጠላቸው ሸፍነዋታል።

«ነፍስ ካላቸው ፍስክ ናቸው» አሉ በድንገት። «እነሱ የጠበቁትን ቲማቲም ለጿሚ ሰው ላበላ ነው?»

ሾፌሩ ያገራችን ልጅ ኖሯል። ቀይ መብራት ላይ ዞር አለ። «እማማ፣ የእንጀራው እርሾስ? እሱም እኮ ሕያው ነው።»

እትዬ ቦርሳዋን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ምነው አንተ ልጅ፣ እንጀራዬንም ልታስተወኝ ነው?»

ወዲያው ለንስሐ አባታቸው ደወሉ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ነገሩን ከሥሩ አስረዱ። አባ ሳቃቸው እያቋረጣቸው «ይብሉ፣ ያብሉም» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች እልል ሲሉ፣ ምኑም ያልገባው አንድ ሽማግሌ አጨበጨበ።

አመሻሽ፣ መደቡ ላይ

አሥራ ስምንት ችግኝ። እኔ እተክላለሁ፣ እትዬ የተበጠበጠውን በኩባያ እያንዳንዱ ሥር ላይ ያፈሳሉ።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ቤታችሁ ነው።»

ከሳምንታት በኋላ ሁለቱ ችግኞች ጠወለጉ። አሥራ ስድስቱ ፍሬ ሰጡ። እትዬ ፍልሰታን ሙሉ ቲማቲም በባልዲ ቤተ ክርስቲያን አመላለሱ፤ ሰው ሁሉ በላ። እሳቸው አንዷንም አልቀመሱም። ጾሙ በተፈታ ጠዋት፣ እኛ ዶሮው ላይ ስንረባረብ፣ እትዬ አንድ ቲማቲም አጥበው፣ ጨው ነስንሰው፣ እንደቆሙ በሉ።