ጓሳ ሳይከፈት የታጨደ ሣር

አዛለች ወላጆቿ ሲፋቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሽማግሎቹ ከብቱን በየበረቱ፣ እህሉን በየጎተራው ከፋፍለው ሲያበቁ እሷ ብቻ ቀረች። «ጡት ከጣለች ቆይታለች፤ ለአባቷ ትሁን» ብለው ተነሡ። አባቷ ራቤል ወደሚባለው አገሩ ወስዶ ለአዲሷ ሚስቱ አስረከባት። እንጀራ እናቷ ስትወልድ ሕፃኑን በጀርባዋ አዘሉባት፤ ከማለዳ እስከ ማታ ከጀርባዋ አይወርድም።

በሁለተኛው ክረምት ተስቦ ያዛት። ሕፃኑን ታስይዛለች ብለው ወደ ጥጆቹ ጋጣ አስወጧት። አሥራ አንድ ቀን እዚያ ተኛች። ወለተኪዳን የምትባል ጎረቤት በግድግዳው ቀዳዳ አጥሚት በቅል እያሾለከች አተረፈቻት። ጠጉሯ ረግፎ፣ ጉልበቷ ከድቷት በግድግዳ ተደግፋ ተነሣች። እናቷ ወሬውን ሰምታ ከሞላሌ በእግሯ መጥታ ነበር፤ ከደጅ መለሷት። በዓመቱ እናቲቱ ሞተች።

አዛለች ካደገች በኋላ ጓሳ ከሚባለው የጋራ የሣር ምድር ጥግ የሚያርስ ቅጣው የሚባል ገበሬ አገባች። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ይመኙሻል አሏት። ልጅቱ ሦስት ዓመት እንደሞላት ተፋቱ። ፍቺው ያለ ዱላ አለቀ፤ ቅጣው ደባዳቢ ሰው አልነበረም፣ እልኸኛ እንጂ። አዛለች ልጇን አዝላ ሞላሌ አክስቷ እታገኝ ቤት ገባች፤ የበግ ጠጉር ለባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች እየፈተለች ትኖር ጀመር። ቅጣው ዓመት ሙሉ አንድ ቁና ገብስ አልላከም። በዓመቱ አዲስ ያገባት ሚስቱ ስትወልድ ግን መልእክት ላከ፤ ልጄን ላኪልኝ፣ ሕፃን ትይዝልኛለች አለ።

አዛለች መፍተሉን ትታ ለአክስቷ ነገረቻት። እታገኝ አዘነች እንጂ አልተገረመችም፤ የአባት ነው፣ ምን ይደረጋል አለቻት። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር።

ገበያው ዳር ማመልከቻ የሚጽፍ መርስዔ ኃዘን የሚባል የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበረ ሰው ነበር። አዛለች ወደ እሱ ሄደች። ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል አላት፤ ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ይቆያል፣ አባትም ቀለብ ይሰጣል።

«አልሰጥም ቢልስ?» አለችው።

«ያን ጊዜ መንግሥት ከበረቱ ከብት አስወጥቶ ይከፍልሻል።»

ሕጉን ሁለት ጊዜ አስነበበችውና ክስ አጻፈች።

ነገሩ ሰኔ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ሞላሌ ፍርድ ቤት ቀረበ። ቅጣው፣ ልጅቱ አምስት ዓመት አልፏታል ብሎ ተከራከረ። ሁለት ዘመዶቹም ጓሳ ሲከፈት ልጅቱ በእግሯ ትሄድ ነበር ብለው መሰከሩለት። ጓሳ የተከፈተው በ፶፫ ጥር ላይ እንደሆነ የማያውቅ የለም። አዛለች ደግሞ ያን ጊዜ ገና በሆዴ ነበረች አለች። ግን በምን ታስረዳ? ክርስትና ያነሣት ቄስ ሞተዋል፤ በጽሑፍ የተያዘ ነገር የለም፤ ጎረቤቶቿ በሙሉ የቅጣው ዘመዶች ናቸው። ዳኛው የሌላ አገር ሰው ስለነበሩ ስለ ጓሳ ደጋግመው ጠየቁ። በመጨረሻ አዛለች ምስክር እንድታቀርብ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጧት።

እሷም የቅጣውን አጎት አባይነህን በምስክርነት ቆጠረች።

አባይነህ የጓሳው አባ ቄራ፣ የሣሩ ጠባቂ ሹም፣ ነበሩ። ጓሳ ሦስትም አራትም ዓመት ይዘጋል። አባ ቄራው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተከፈተ ብለው እስኪያውጁ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም፤ የገባ ጎጆው ይቃጠልበታል። በዚያ ጥር ግን ነፋስ የቅጣውን ጎጆ ክዳን ገላልጦት ነበር። አዛለች የሰባት ወር እርጉዝ ሆና አባይነህን ለመነቻቸው። ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌው ራሳቸው ሦስት ሸክም ሣር አጭደው ሰጧት። ቅጣው አዲሱን ሣር ከድኖ እንዳይታወቅ አሮጌውን ከላይ አለበሰው። ይህን ከሦስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ቅጣው ደጅ ላይ ጠበቃት።

«አጎቴን ቆጠርሽ አሉ» አለ እየሳቀ። «ጭላዳ ዝንጀሮን የገብስ ዘብ አቆምሽው በይኛ።»

እሱ የሚያውቀውን እሷም ታውቃለች፤ ሽማግሌው ክብራቸውን በአደባባይ ያፈርሱልኛል ብላ እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። ይመኙሻል የእናቷን ነጠላ ይዛ ቆማለች።

አባይነህ ማሉ። ጓሳ ሲከፈት አዛለች ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አልወለደችም አሉ፤ ከዚያ በላይ አልጨመሩም። ዳኛው ቅጣውን መስቀለኛ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ አሉት። አዳራሹ በጓሳ አራሾች ሞልቷል።

«አጎቴ» አለ ቅጣው፣ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ፣ «በዚያን ቀን ስንት መቶ ሰው ማጭድ ይዞ ወጥቷል። የእኔን ሚስት ሆድ ከዚያ ሁሉ ለይተው በምን አስታወሱት?»

ሽማግሌው የሞላውን አዳራሽ ዞረው አዩ። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። አዛለች የልጇን እጅ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። ይመኙሻል እጄን አመመኝ ስትል ነው ምን ያህል እንደጨበጠች ያወቀችው።

«በዚያን ቀን አይደለም» አሉ አባይነህ። «ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ጓሳ ገና ሳይከፈት፣ ጀንበር ስትጠልቅ ሦስት ሸክም ሣር አጨድኩላት። ወገቧ አልታጠፍ ስላላት ማጭዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ወደ ቅጣው ዞሩ። «አንተም ከሥሩ ተኝተህበታል።»

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ዳኛው ጸጥታ አስከብረው፣ አባ፣ ይህ ቃል በእርስዎ ላይ ምን እንደሚያመጣ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። ምያለሁ።»

ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትቆይ ተብሎ ተፈረደ። አባቷም በዓመት ሁለት ዳውላ ገብስ በየሦስት ወሩ እየከፈለ፣ ለልብሷም አንድ በግ እንዲሰጥ፣ ይህንንም ሞላሌ አጥቢያ ዳኛው ግቢ አምጥቶ እንዲያስረክብ ታዘዘ። አምስት ዓመት ሲሞላት፣ ጠያቂ ካለ፣ ለእሷ የሚበጃት እንደገና ይታያል ተባለ።

የጓሳ ሰዎች ተሰብስበው አባይነህን ከሹመታቸው አወረዷቸው፤ ጎጆአቸውን ግን ለሽምግልናቸው ብለው ማሩላቸው። አዛለች ይቅር ይበሉኝ ልትል ሄዳ ነበር። ሣሩን እንደገና አጭድልሽ ነበር፣ ያፈርኩት ያን ሁሉ ዓመት አፌን ዘግቼ ስለ ጓሳ ሕግ ሰው በመቅጣቴ ነው አሏት።

ቅጣው በመጀመሪያው ቀጠሮ ገብሱን አላመጣም። ፖሊስ ወረቀት ይዞ ሄደና በሳምንቱ ጭነቱ ደረሰ፤ የላከው በሰው ነበር። በሁለተኛው ራሱ አህያ እየነዳ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ አዛለችን ሰላም አላለም። ይመኙሻል ግን አህያይቱን ልንካት ብላ ተጠጋች። ቅጣው ቆሞ አያት። ከዚያ አንሥቶ ከጭነቱ ላይ አስቀመጣት። በሦስተኛው ጊዜ ለልጅቱ ቆሎ በኪሱ ይዞ መጣ። አምስት ዓመት ሲሞላት ክስ ያቀረበ ሰው አልነበረም።

ይመኙሻል አድጋ የራሷን ቤት ከያዘች በኋላ፣ ባሎቻቸውን የፈቱ ሴቶች ስለዚያ ፍርድ አዛለችን ይጠይቋት ነበር። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመሽ ምን ነበር ሲሏት እንዲህ ትላቸዋለች፦

«ገብሱ ክረምት አውጥቶናል፤ አልክድም። ለእኔ የበለጠው ግን አለመለመኔ ነው። ብለምነው ኖሮ እጠላው ነበር። ፊቴ ላይ ጥላቻ ብታይ ልጄ አባዬ ማለት ትፈራ ነበር። የተፈረደ ስለሆነ አመጣ፣ ተቀበልኩ፣ ሄደ። እሷም እስከ ወንዙ ትሸኘው ነበር።»