አይስክሬም ከሚልሰው ልጅ ኋላ

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ሙያዬ «ሹፌር» ይላል። ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ የመጣሁት የአንድ ጋዜጣ ፎቶ አንሺን መኪና ልነዳ ነበር። ሰውየው ሙቀቱን ጠልቶ ከመኪና መውረድ ሲያስጠላው «አንተ ውረድና አንሳ» ማለት ጀመረ። እኔም አገር ቤት ሳለሁ ሠርግ እያነሣሁ እንጀራ የበላሁ ነኝና ወረድኩ። ኋላ እሱ ሥራውን ለቆ ሲሄድ ካሜራው እኔ ትከሻ ላይ ቀረ። ኢቃማውን ግን ማንም አልቀየረውም፤ ከፎቶዎቹ ሥር ስሜን የጻፈልኝም የለም።

የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሲባል ጦርነትና ንጉሥ የሚያሳድድ ይመስላችኋል። እኔ የማሳድደው የአየር ጠባይ ነው። ዝናብ ሲጥል ራካ ሰፈር ውስጥ ውሃ የዋጠው መንገድ፣ አቧራ ሲነሣ ያልታየ ፎቅ፣ ሱቅ ሲከፈት ሆዱን አስቀድሞ ሪባን የሚቆርጥ ባለሀብት። ሙቀቱ በርዶ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ኮባር ባሕር ዳርቻ ወርጄ የሚዝናኑ ቤተሰቦችን አነሣለሁ።

አለቃዬ የሚለኝ ሁሌም አንድ ነው፦ «ልጁን አጥራ፣ ጀርባውን አደብዝዝ።» ጀርባው ማለት እኛ ነን። የሀብታም ሕፃን ባለበት ሁሉ ከኋላው ቦርሳ ያንጠለጠለች ያገሬ ልጅ አትጠፋም። ሌንሱን ከፈት ሳደርገው ሕፃኑ ጥርት ይላል፣ እሷ ብዥ ትላለች። በዚህ ጎበዝ ነበርኩ፤ ተሞግሼበታለሁም።

አንድ ቀን ከሰይሃት አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ቁጥሬን የሰጣት፣ ለጋዜጣው ፎቶ የማነሣው እኔ መሆኔን የሚያውቅ፣ ታክሲ የሚነዳ የወሎ ልጅ ነው። የቤት ሠራተኛ መሆኗን፣ ታናሽ እህቷም እዚሁ ራካ ሰው ቤት ትሠራ እንደነበር ነገረችኝ።

«ሞተችብኝ፣ ወንድሜ» አለች። «ታማ ሆስፒታል ገባች አሉኝ። ሳልደርስ ቀበሯት። አሠሪዋ፣ ካፊሏ ደውሎ ‹ኸላስ፣ ቀብረናታል፤ ሙሽኪላ ማፊ፣ ችግር የለም› አለኝ። በቃ።»

ሰይሃትና ራካ በመኪና ቅርብ ናቸው። ሁለቱ እህትማማቾች ግን እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ታናሿ የራሷ ስልክ እንኳ አልነበራትም፤ የምታወራው በማዳሟ ስልክ፣ ማዳሟ አጠገቧ ቆማ ነበር። ወሎ ያሉት እናታቸው ሽማግሌዎች በጠዋት ገብተው መርዶውን ሲነግሯቸው አላለቀሱም። ልጄ ከእጄ የወጣችው ገና ልጅ ሆና ነው፤ ፊቷን ሳታሳዩኝ ማንን ብዬ ላልቅስ፣ ብለው ለቀስተኛውን መለሱት።

«እናቴ እርሟን ታውጣ ነው የምልህ» አለችኝ። «እንዲህ ሆና ከቀረች ታብድብኛለች። ካደገች ወዲህ የተነሣችው ፎቶ እኛ ጋ የለም። ወላሂ፣ አንድ ፎቶ ብቻ።»

«እኔ ከየት አመጣለሁ፣ እህቴ?»

«አንተ አንስተሃታል። ‹ጋዜጣ ላይ ወጣሁ› ብላ ደስ ብሏት ነግራኛለች። ኮባር ባሕሩ ዳር፣ አይስክሬም ከሚልሰው ልጅ ኋላ ቆማ። ማዳሟ ናት ጋዜጣውን ያሳየቻት።»

ልጁን አስታወስኩት። እስከ ጉንጩ ቸኮሌት የተለቀለቀ ድንቡሽቡሽ ልጅ፤ አለቃዬ በጣም ወዶት ነበር። እሷን ግን ጭራሽ አላስታውሳትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የዚያን ዕለት ያነሣሁትን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ፍለጋ ገባሁ። ብዙዎቹ ውስጥ አለች። ጥቁር ሻሽ፣ ቀጭን ትከሻ፣ ፊቷ መሆን ባለበት ቦታ ላይ ጠይም ብዥታ። አንዱ ላይ ወደፊት ቀርባ ጥርት ብላ ሳያት ምስሉን አጎላሁት። ወዲያው ግን ጎንበስ ብላ የልጁን አፍንጫ እየጠረገች መሆኑን አየሁ፤ የሚታየው ሻሿና እጇ ብቻ ነው።

አሁን የደበዘዘ ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም አለ። ሞከርኩት። ከብዥታው ውስጥ ዓይንና ቅንድብ ያላት ቆንጆ ልጅ አወጣልኝ። ደግሜ ስሞክር ሌላ ቆንጆ ልጅ አወጣ። ማሽን የፈጠራትን ሴት «ልጅሽ ናት» ብዬ ለእናት ልልክ ነው? ተናድጄ ሁለቱንም አጠፋኋቸው። ከደበዘዙት የተሻለውን መርጬ፣ ወንዱን ልጅ ቆርጬ አውጥቼ፣ እሷን ብቻ አጉልቼ ላክሁላት።

እህቷ ድምጿን ቀድታ መለሰችልኝ። «ትከሻዋ የሷ ነው። አቋቋሟም የሷ ነው። አላህ ይስጥህ፣ ወንድሜ» እያለች ታነባለች። እኔም ብቻዬን መኪና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኮምቦልቻ ያለ ዘመዳቸው ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ ለእናትየው እንዲወስድላቸው ተስማሙ።

በዚያው ሰሞን ዳህራን ለአንድ የልጆች ዝግጅት ተላክሁ። እልህ ይዞኝ ሌንሱን ጠበብ አደረግኩና ከኋላ የቆሙትንም ሴቶች ጥርት አድርጌ አነሣሁ። አለቃዬ ፎቶውን አይቶ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?» አለና ከኋላ ያሉትን ቆርጦ ጣላቸው። ተናግሬስ ምን ላመጣ፤ ሹፌር ነኝ።

ከዚያ ሴትዮዋ ከሰይሃት ደወለች። ድምጿ ደርቋል።

«እናቴ አየችው» አለችኝ።

«አለቀሱ?»

«አለቀሰች። ለእህቴ ግን አይደለም።»

«ለማን ታዲያ?» አልኳት።

«ፎቶውን ደጅ ይዛ ወጥታ አገላብጣ አየችው። ‹ይህች የኔ ልጅ አይደለችም፤ የኔ ልጅ ፊት አላት› አለች። ‹የሌላ ሰው ልጅ ነው የቀበራችሁት። የኔዋ ስትደውል አገናኙኝ› አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ለዚያች ለሰው ልጅ አለቀሰችላት። ጎረቤት ጠርታ ዱዓ አስደረገችላት። ‹እናቷን አላህ ያጽናት› ትላለች፤ ‹ልጇ መሞቷን እንኳ አልሰማች ይሆናል፣ ምስኪን።›»