ኪስ ያለው ማሊያ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የዶርም ጓደኞቼ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተደፍተው የብሔራዊ ቡድናችንን የምንጊዜም ምርጥ ማሊያ ይመርጡ ነበር። አንዱ የክፍላችን ልጅ ከድሮ ጀምሮ የተለበሱትን ማሊያዎች ፎቶ ሰብስቦ ግሩፓችን ላይ ለጥፎ ክርክሩ ጦፏል፤ አንዱ ሙሉ አረንጓዴውን ይላል፣ ሌላዋ ደረቱ ላይ ቢጫ የተጋደመበትን፣ ሳሮን ደግሞ ስለ ኳስ ምንም ሳታውቅ ቀይ ስለሚያምርባት ብቻ ለቀዩ ትሟገታለች። «አንቺስ የቱን ነው? ድምፅ ያልሰጠሽው አንቺ ብቻ ነሽ እኮ» አለችኝ። ልመልስላት ስል፣ ጥግ ላይ ልብስ የምትተኩሰው ትዕግሥት ውኃ የተረጨ ጨርቅ ላይ ካውያዋን አሳረፈችና ያ ሽታ፣ የሞቀ ክርና የእንፋሎት ሽታ፣ ክፍሉን ሞላው። እኔ የምመርጠው ማሊያ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ በዓለም ላይ የተሰፋው ሁለት ብቻ ነው።

አባቴ ደግፌ በልደታ ጌጃ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ እኛ። ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ስለሆነ ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ደግሞ ብናኙ በበሩ ይገባና አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ደንበኛውም እጆቹን ዘርግቶ እንደቆመ፣ ሁለቱም እያስነጠሱ ልኬቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። በሳሙና ስባሪ ጨርቁ ላይ መስመር ሲያሰምር፣ የከሰል ካውያውን ደጅ አውጥቶ አመዱን እፍ ሲል፣ መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንኳኳ፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አድጌአለሁ።

የሚሰፋው በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም ነበር፤ ስለዚህም ዓለምን የሚያያት በዩኒፎርም ነው። የሰፈሩን ልጆች ስማቸውን እየረሳ «ያ አረንጓዴው»፣ «ያቺ ባለ ቢጫዋ» ይላቸዋል። ኳስ አያውቅም። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ከሂክማ ቤት ደጃፍ ቆሞ ጨዋታ ሲያይ፣ በረኛው ላይ ዓይኑን ተክሎ ብዙ ካሰበ በኋላ «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሌላ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ የመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ሰፈሩ ይህን ለወራት ሲያወራው ኖረ፤ እሱም ከሰፈሩ ጋር ይስቅ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ከብዙ ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀረው። ልደታ በሙሉ ማሊያ ለበሰች። ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚነሡት ታክሲዎች መስታወታቸው ላይ ባንዲራ አሰሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ ዱቄት የጠጣ ማሊያውን ሳያወልቅ ሰነበተ። እኔም ማሊያ ካልተገዛልኝ ብዬ አለቀስኩ። አባዬ ራቅ ብሎ ቆመና አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ አየኝ። እኔን ለመለካት ሜትር አያስፈልገውም ነበር።

የጨዋታው ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማሊያው ወንበር ላይ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። የመስከረም ጥድፊያ ካለፈ በኋላ ከተረፉት የዩኒፎርም ጨርቆች ነው የሰፋው፤ አካሉ የአንዱ ትምህርት ቤት አረንጓዴ፣ እጅጌው የሌላው ቢጫ፣ ኮሌታው የመዋዕለ ሕፃናቱ ቀይ። ጀርባው ላይ የዕድሜዬን ሰባት ቁጥር በእጁ ጠቅሞታል። ደረቱ ላይ ደግሞ፣ ዕድሜውን ሙሉ ዩኒፎርም ሲሰፋ የኖረ እጅ ሳይሰፋ አያልፍምና፣ ኪስ አለ፤ ቁልፍ ያለው፣ በደንብ የተተኮሰ ኪስ።

«አባዬ፣ ማሊያ እኮ ኪስ የለውም» አልኩት።

«ሰው ኪስ የሌለው ልብስ ለብሶ ከቤት አይወጣም» አለኝ። ከዚያ ቁልፉን ፈትቶ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በዚያ እየጎተተ በሚያነበው ድምፁ አነበበልኝ፦ «ይህች ልጅ ከጠፋች ጌጃ ሰፈር፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ልብስ ሰፊው ደግፌ ጋ አምጡልኝ።» መልሶ አጣጥፎ ከተተው። «ዛሬ ሕዝብ ይወጣል። ብትጠፊ አታልቅሺ፣ ይህን አሳዪ።» ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ሲመለስ እሱም ልክ እንደኔ ለብሷል፤ ያው አረንጓዴ፣ ያው ኮሌታ፣ ያው ኪስ። የሱ ኪስ ውስጥ እርሳስና የሳሙና ስባሪው ነበሩ።

ጨዋታውን ያየሁት ሂክማ ቤት ነው፤ አባቷ ቴሌቪዥኑን መስኮት ላይ አውጥተውት የሰፈሩ ልጅ ግቢውን ሞልቶታል። ገና በሩን አልፌ ሳልገባ የሂክማ ወንድም ኑረዲን አየኝ።

«እንዴ! እቺ ዳኛ ናት እንዴ?»

«ኪሷ ውስጥ ቀይ ካርድ አለ፣ ተጠንቀቁ!» አለ ሌላው።

«ዳኛዬ፣ በናትሽ ፔናሊቲ ስጪን!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልስቅ ብቀር አለቅስ ነበር። ሂክማ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝና የወንድሟን የተገዛ ማሊያ ሰጠችኝ። ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል፣ ግን እንደ ሰው ሁሉ ማሊያ ነው። የአባዬን ማሊያ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።

አሸነፍን። ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ጡሩምባው፣ ጩኸቱ፣ ወደ ሰንጋ ተራ የሚጎርፈው ሕዝብ። እኔም ከልጆቹ ጋር እየዘለልኩ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ስደርስ አባዬን አየሁት። ኪስ ያለው ማሊያውን ለብሶ፣ በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ሕዝቡ መሐል ይፈልገኛል። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፣ ከዚያም አልፎኝ ሄደ። ዳግመኛ መጣ፤ ዳግመኛ አለፈኝ። የሚፈልገው የራሱን ጨርቅ ነበር።

«አባዬ» አልኩት።

አየኝ። የለበስኩትን አየ፤ ብብቴ ሥር ያለውንም አየ። ኑረዲን ከኋላዬ መጥቶ የአባዬን ደረት ሲያይ ሳቁን ሊያፍን አፉን በእጁ ያዘ።

«ሞቆሽ ነው» አለኝ አባዬ። «የዩኒፎርም ጨርቅ፣ ቴትረን፣ ይሞቃል፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

ጥቅሉን ከብብቴ ሥር ቀስ ብሎ ወሰደ፤ «አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ።» ትከሻው ላይ አድርጎኝ ሲጨፍር አመሸ። በማግሥቱ የሱም ማሊያ የኔም ማሊያ ከዓይን ጠፉ፤ እኔም የት እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ። እኛ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ የሂክማ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ጫፍ ሄዱ። አባዬ የስፌት መኪናውን አራተኛ ፎቅ መስኮት ሥር አስቀመጠ፤ ግን አራት ፎቅ ወጥቶ ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ የለም። ወፍጮው በሌለበት ጸጥታ ቁልፍ መትከል እንኳ ይጨንቀኛል ይል ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ታመመ፤ ብዙም አልቆየም። ያቺን «አዎ» ውሸት ነበረች ብዬ ልነግረው ብዙ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ ሁልጊዜ ነገ እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስሰናዳ እማዬ የስፌት መኪናውን መሳቢያ አጽጂልኝ አለችኝ። ከክሮቹ ሥር ማሊያዬን አገኘሁት። ኮሌታው ተቆርጦ አንገቱ እንደ ተገዛ ማሊያ ክብ ሆኗል። ደረቱ ላይ ኪሱ የለም፤ በመርፌ ቀዳዳ የተከበበ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ብሎ ፈትቶታል። ማሊያውን ገልብጬ ሳየው ግን ኪሱ ከውስጥ በኩል፣ በልብ አቅጣጫ፣ ማንም በማያይበት ተሰፍቷል፤ ቁልፉም ተቆልፏል፤ ስፈታው ያ የታጠፈ ወረቀት ውስጡ አለ። ሠርቶ ጨርሶት ነበር። ያን ጊዜ እኔ ከሂክማ የወሰድኩትን ማሊያ አላወልቅም ብዬ እየተኛሁበት ስለነበር ሊሰጠኝ አልደፈረም መሰለኝ።

ሳሮን በጠየቀችኝ ማግሥት፣ እሑድ ጠዋት፣ ወረቀቱን ይዤ በታክሲ ወደ ልደታ ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ብዬ የገመትኩት ላይ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ኋላ ረጅም ሕንፃ እየተሠራ ነው። ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ ተመለስኩ፤ ምልክት የሚሆነኝ አንድ ድንጋይ እንኳ አጣሁ። የግንባታው ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያዩኝ ቆይተው ተነሡ።

«ልጄ፣ ጠፋሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኳቸው።

አላለቀስኩም። እንደ ተነገረኝ ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ አጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወረቀቱንም በነበረው እጥፋት አጥፈው መለሱልኝ።

«ይኼማ፣ ልጄ፣ እዚሁ ነበር» አሉኝ።